ቃር ነው ወይስ ልብ?

ደረት ሲያቃጥል መጀመሪያ የሚወቀሰው ጨጓራ ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ቃር በርበሬ የበዛበት ወጥ በልተው ጋደም ሲሉ ይብሳል። ጉሮሮ ድረስ ይጎመዝዛል። ቀና ብለው ሲቀመጡ ቀለል ይላል።

የልብ ሕመም ግን ከማቃጠል ይልቅ መጫን ይቀናዋል። ደረት መሃል ጭምቅ ያደርጋል፤ ወደ ክንድ፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ሊከተሉት ይችላሉ። የሚያስቸግረው፣ በተለይ ሴቶች፣ አረጋውያንና ስኳር ያለባቸው ላይ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ መቻሉ ነው። ያኔ ሐኪምም ቢሆን ያለ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) እና ያለ ደም ምርመራ ከጨጓራ መለየት ይከብደዋል።

እኔ ብሆን ተልባ እስኪበጠበጥ አልጠብቅም። ጥቂት ደቂቃ አርፈው ካልለቀቀዎት፣ ወይም ላብና ትንፋሽ ማጠር ካለው፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መኪናውን ግን ራስዎ አይንዱ።