ፍሪካድ 1.0፦ ያዘነበለ ቱቦ ላሜራውን የት ይበሳዋል?

አዳማ ላይ ለወፍጮ ቤት የእህል መውረጃ የሚሠራ ብየዳ ቤት ኮምፒውተር ካለው ፍሪካድን፣ ማለትም ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ንድፍ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ ሳያመነታ ይጫን። ነፃ ነው፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የወጣው 1.0 ደግሞ የቆየውን ትልቅ በሽታ፣ ማለትም አንድ ቀዳዳ ሲጨመር የጠርዞች ስም ተምታቶ ስኬቹ (በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚሳለው ንድፍ) ቦታውን የሚስትበትን፣ በጣም አቃልሎታል።

ያዘነበለ ቱቦ የሚያልፍበትን ላሜራ የሚያበላሸው ግን ሌላ ነው። ከስኬቹ ውጭ ያለውን መስመር የሚያመጣው ኤክስተርናል ጂኦሜትሪ የሚባለው መሣሪያ የሚሰጠው መስመሩ በስኬቹ ገጽ ላይ የሚጥለውን ጥላ እንጂ ገጹን የሚበሳበትን መገናኛ አይደለም። አክሲሱ (የቱቦው የመሐል መስመር) ለስኬቹ ፕሌን (ስኬቹ ለሚሳልበት ገጽ) 90 ዲግሪ ከቆመ ጥላው ነጥብ ስለሚሆን ልዩነት የለውም። ዳተም ፕሌንም (ለማጣቀሻ የሚቀመጥ ገጽ) 90 ዲግሪ ከቆመ ትክክለኛውን የመገናኛ መስመር ይሰጣል፤ ካዘነበለ አይቀበለውም። ያዘነበለ አክሲስን ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቀበላል።

ከመነሻው ነጥብ ተነስቶ ከቋሚው 30 ዲግሪ ያዘነበለ፣ 500 ሚሊ ሜትር የሚረዝም አክሲስ ይኑር፤ የላሜራው የላይ ፊት 200 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የጥላው ጫፍ ከመነሻው በአግድም 250 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። ቱቦው በእውነት የሚበሳው ግን 115.47 ላይ ነው። ይባስ ብሎ የጥላው መሐል 125 ላይ ስለሚውል ለዓይን ትክክል ይመስላል፤ የ9.5 ሚሊ ሜትር ስህተት የሚታወቀው ቱቦው አልገባም ሲል ነው።

መፍትሔው ረዳት ስኬች ነው። በኤክስ ዜድ ፕሌን ላይ ከመነሻው አንድ መስመር ስባችሁ ከቋሚው አክሲስ 30 ዲግሪ እሰሩት፤ የጫፉን ቁመት 200 በሉ። ያ ጫፍ የምትፈልጉት መገናኛ ነው። ከዚያ የላሜራውን ስኬች ክፈቱ፣ ጂ ቀጥሎ ኤክስ ተጫኑና ጫፉን ብቻ ንኩ፤ መስመሩን ከነካችሁ ተመልሶ ጥላ ይመጣል። ረዳቱን መስመር ኮንስትራክሽን (ለመመሪያ ብቻ የሚያገለግል መስመር) አታድርጉት፤ ኮንስትራክሽን መስመር ከሌላ ስኬች አይመረጥም፣ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ረዳቱ ሌላ ቦዲ (ለብቻው የሚነደፍ አካል) ውስጥ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ከሌላ ቦዲ ቅርጽ በሚያመጣው በሼፕ ባይንደር ማምጣት ያስፈልጋል።

ቀዳዳው ክብ አይደለም። የውጭ ዲያሜትሩ 42 የሆነ ቱቦ 48.5 በ42 የሆነ ኤሊፕስ (ሞላላ) ይጠይቃል። ላሜራው 4 ሚሊ ሜትር ከሆነና ቆረጣው ቀጥ ብሎ ከወረደ ርዝመቱን ወደ 50.8 አሳድጉ፤ ጭማሪው 2.3 ቱቦው ወደሚመጣበት ወገን ብቻ ይሁን፣ በሁለቱም በኩል ካካፈላችሁት በአንድ ወገን ይነክሳል፣ በሌላው ለብየዳ የማይመች ክፍተት ይተዋል።

ሌላው የንድፍ ፕሮግራም ሶሊድወርክስ መገናኛውን ነጥብ ፒርስ በሚባል አንድ ማሰሪያ ያገኘዋል፤ በዚህ በግልጽ ይበልጣል። ፈቃዱ ግን በክፍያ ነው። በወር ጥቂት መውረጃ ለሚሠራ ቤት የፍሪካዱ ረዳት ስኬች ይበቃል፤ አንዴ በትክክል ከታሰረም 30ውን ወደ 35 ስትቀይሩ የቀዳዳው ማዕከል ራሱ ወደ 140.04 ይሄዳል። የኤሊፕሱን ርዝመት ግን በቀመር ካላሰራችሁት በእጅ መቀየር አትርሱ፤ ለላሜራው ውፍረት የሚጨመረው ሳይቆጠር በ35 ዲግሪ 51.3 ይሆናል።