ለልጄ መምህር ምስጋና፣ ለደብረ ብርሃን ወላጆች ጥቆማ

ባለፈው ወር የ15 ዓመቱ ልጄ ምሳ እየበላ «እማዬ፣ የቀን ሠራተኛ ስንት ይከፈለዋል?» አለኝ። ትምህርቱን ሊያቆም ነው ብዬ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ለካ የሰንበት ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ነው!

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላላችሁ፣ በተለይ ጎረምሳ ይዛችሁ ለምትቸገሩ ወላጆች ነው። ልጄ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይማር ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ጥቅስ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ያልገለበጠ ቁጣውን ይጠጣል። ሁለት ወር ሳይሞላው «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚያም ሆድ!

የአሁኑ መምህር የደጉን ሳምራዊ ታሪክ፣ ሉቃስ 10ን፣ ሲያስተምር ወለሉ ላይ በጠመኔ መንገድ ሣለ። ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ አህያዋ በግ ነው የምትመስለው። ከላይ ኢየሩሳሌም፣ ከታች ኢያሪኮ። ቁልቁለቱ 1,000 ሜትር ገደማ እንደሆነ ነገራቸውና «ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ እጁን ያውጣ» አለ። ሁሉም አወጡ። ጠመዝማዛውን፣ የጆሮውን መደፈን፣ ከብርድ ወጥቶ ሙቀት ውስጥ መግባቱን ያውቁታላ።

ከዚያ ልጆቹ ታሪኩን እንዲተውኑት አደረገና ካህንና ሌዋዊ ሆነው ያለፉትን ከሰሳቸው። «ለምን አለፋችሁ? ተከራከሩ!» ሌዋዊ የሆነችው ልጅ «ወንበዴዎቹ እዚያው ተደብቀው ቢሆንስ?» አለች። ክፍሉ ጭጭ። «እኔም አልፍ ነበር የምትሉ?» ሲል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እጃቸውን አወጡ አሉ።

ልጄ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ነበር። ሁለት ዲናር ተሰጠው። ማቴዎስ 20 ላይ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ ነው። የቤት ሥራውም የሁለት ቀን ደመወዝ ዛሬ እኛ ከተማ አንድ ቁስለኛ ስንት ቀን እንደሚያኖር አስልቶ መምጣት ነበር። ልጄ ግንባታ ላይ የሚሠራ ጎረቤታችንን ጠየቀ። ፔንሲዮን ገብቶ የአልጋ ዋጋ ጠየቀ (ምን ብለው እንዳዩት እንጃ)። ምግብና መድኃኒት ሲደምርበት ብሩ አልበቃ አለው። ማታ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ለዚህ ነዋ የጎደለውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ያለው!» እኔ ይህን ቃል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ልብ ብዬው አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ፣ ዩታ ያለችው እህቴ ጎረቤቶቿ ሞርሞኖች (የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አባላት) ናቸው። ከ14 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆቻቸው «ሴሚናሪ» የሚሉት ትምህርት አላቸው። በ1912 እ.ኤ.አ. ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ነው የተጀመረው። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ የራሳቸውን መጽሐፈ ሞርሞንና ትምህርትና ቃል ኪዳኖች የሚሉትን በየተራ ያጠናሉ። ከጨዋታዎቻቸው በአንዱ መምህሩ ፍንጭ ይሰጣል፣ ልጆቹ ጥቅሱን ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ። ይህንን ለመምህሩ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኩት። ሳቀና «እትዬ፣ እምነታቸው የራሳቸው ነው፤ እኔ ሩጫውን ልውሰድ» አለኝ።

ወሰደውም። በሰማንያ አሐዱ ነው የሚጫወቱት። ስልክ አይፈቀድም። ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ቀልጣፋው ያገኛል፣ ዓይን አፋሩ ቆሞ ያነባል፣ ሳይነበብ ነጥብ የለም። ሰው ፊት ትንፍሽ የማትል የጎረቤቴ ልጅ አሁን እያነበበች ነው። ልጄም ኩፋሌ የት ጋ እንዳለ ከእኔ ቀድሞ ያገኛል፤ ትንሽ ያናድዳል።

እንከን የለውም አልልም። ሰዓት አያውቅም። 10 ሰዓት ያልቃል የተባለው 11 ተኩል ይሆናል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጃኬት አስይዙ።

ገንዘብ አይጠይቅም። ትራንስፖርቱ ከተቻለለት ጫጫም ደብረ ሲናም ሄዶ ለሌሎች መምህራን ያሳያል። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳይጽፉብኝ» ስላለኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ስትሄዱ ጠመኔ ያዙ። የእሱ ሁሌ ያልቃል።