ቢቢሲ፣ አይቲቪ ወይስ ስካይ? ብሪታንያ ውስጥ ለቲቪ የት ልክፈል?

ብሪታንያ የሚኖር ሰው ቲቪ ሲገዛ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፦ «ቢቢሲ የማላይ ከሆነ ላይሰንስ (ቢቢሲ የሚተዳደርበት ዓመታዊ የቲቪ ፈቃድ ክፍያ) ለምን እከፍላለሁ?»

መልሱ ያናድዳል። ትከፍላላችሁ። ላይሰንሱ የሚጠየቀው ቢቢሲ ለሚያይ ብቻ አይደለም። የትኛውንም ቻናል በቀጥታ ስርጭት ካያችሁ ግዴታ ነው፤ በስልክም ሆነ በላፕቶፕ። የቢቢሲው የኦንላይን ማያ፣ አይፕሌየር፣ ደግሞ ያለፈ ፕሮግራም ለማየትም ይጠይቃል። በኤፕሪል 2025 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ዋጋው ለአንድ ቤት በዓመት 174.50 ፓውንድ ሆኖ ነበር። ሳይከፍሉ ሲያዩ መያዝ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

በምትኩ ምን ይገኛል? ማስታወቂያ የሌለበት ቲቪ። ለአንድ ሰዓት የተያዘ ድራማ ቢቢሲ ላይ ሰዓቱን ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቀረው። ማስታወቂያ በሚያሳየው አይቲቪ ላይ ግን ድራማው ከ50 ደቂቃ በታች ነው። ገዳዩ ሊታወቅ ሲል የሶፋ ቅናሽ ይመጣል! ሕጉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ12 ደቂቃ በላይ ማስታወቂያ አይፈቅድም፤ 12ቷም ቢሆን ትሰለቻለች።

አይቲቪ በ1955 እስኪጀምር ቢቢሲ ብቻውን ነበር። አይቲቪ የግል ቢሆንም እንዳሻው አይሆንም፤ የየአካባቢውን ዜና የማቅረብ ግዴታ አለበት። ለአካባቢ ወሬ ሁለቱንም እያቀያየሩ ማየት ያዋጣል። ቻናል 4 ደግሞ ግራ ያጋባል፦ ንብረትነቱ የሕዝብ፣ ገቢው ከማስታወቂያ። ከላይሰንሱ ገንዘብ አይደርሰውም።

ስካይ በየወሩ የሚከፈልበት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ስካይን የምገዛው ለኳስ ብቻ ነው። ፕሪሚየር ሊግን ከ1992 ጀምሮ በቀጥታ ያሳያል። የጎሎቹ ቅንጭብ ማታ ቢቢሲ ላይ ከበቃችሁ ግን ወጪው አይገባኝም። የዓለም ዋንጫና ኦሊምፒክ እንደሆነ ሕጉ ራሱ ነጻ ቻናሎችን እንዳያልፉ ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ ዜና፣ ድራማና ትልልቅ ውድድር ለሚያይ ቤት ላይሰንስና ፍሪቪው በቂ ናቸው። ፍሪቪው ነጻ ቻናሎችን በአንቴና የሚያመጣ አገልግሎት ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ የለውም።

ቀጥታ ስርጭትም አይፕሌየርም ጨርሶ የማታዩ፣ ኔትፍሊክስ ላይ ፊልም ብቻ የምታዩ ከሆነ ላይሰንሱ ይቅርባችሁ። እንደማያስፈልጋችሁ ግን ኦንላይን አስታውቁ፤ አለዚያ በየጊዜው ደብዳቤ ይጎርፍላችኋል።