ሲንጋፖር ወይስ ኢኳዶር?

ሲንጋፖር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 1 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ኢኳዶርን ደግሞ መስመሩ ራሱ ያቋርጣታል። አየራቸው ግን ለየቅል ነው።

የሲንጋፖር ወሬ ቶሎ ያልቃል። ዝቅ ያለች ደሴት ናት፤ ትልቁ ኮረብታዋ ቡኪት ቲማህ 170 ሜትር እንኳ አይሞላም። ባሕር ስለከበባት ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ ሌሊቱ 25 ገደማ ነው። ወበቁ አይጣል ነው! ዝናብም በየወሩ አይጠፋም። ዕቅድ ለማውጣት ግን እንደሷ የሚመች የለም።

ኢኳዶር ሌላ ነገር ናት፤ እኔን ብትጠይቁኝ የምመርጠው እሷን ነው። ዋና ከተማዋ ኪቶ 2,850 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች አማካይ ሙቀቷ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ የ6,263 ሜትሩ የቺምቦራዞ ተራራ አናቱ በረዶ ነው። ከተራሮቹ በስተምሥራቅ ስትወርዱ ሞቃቱና እርጥቡ የአማዞን ደን ይጠብቃችኋል። ጋላፓጎስ ደሴቶቿ ላይ ደግሞ ፔንግዊን አለ። አዎ፣ ምድር ወገብ ላይ ፔንግዊን! ሃምቦልት የሚባለውን ጨምሮ ቀዝቃዛ የባሕር ጅረቶች ናቸው ያኖሩት። በየጥቂት ዓመቱ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የሚከሰተው ኤል ኒኞ ሲመጣ ግን ውሃው ይሞቃል፣ የፔንግዊኖቹ ምግብ ይመናመናል፣ የኢኳዶር የባሕር ዳርቻም በጎርፍ ይመታል።