ለፒያሳዋ ሹሩባ ሠሪ ምስጋና፣ ጥሬ ምግብ ጀምራችሁ ፀጉራችሁ ለሚረግፍ ደግሞ ጥቆማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምትሠራው ሹሩባ ሠሪ እህታችን በአደባባይ ልትመሰገን ይገባል። እኛ በሥነ ምግብ ምክርና በላቦራቶሪ ሥራ ላይ ያለን ነን። ፀጉራቸው ረግፎ ለምርመራ ከሚመጡት መካከል እሷ ጋ ያለፉት ከአነጋገራቸው ይለያሉ፦ ምን ሲበሉ እንደቆዩ፣ መርገፉ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሱ ቀድመው አስበውበት ነው የሚመጡት። ቅባት ሸጣ መሸኘት ስትችል ይህን ሁሉ ጠይቃ የምትልክ ባለሙያ ብዙ የለችም።

ሰሞኑን ጥያቄው የበዛው ስለ «ጥሬ ምግብ ብቻ» ነው። ጥሬ ሲባል ቁርጥ ትዝ ያላችሁ፣ እሱን አይደለም። ካሮት፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ፍራፍሬና ጁስ ብቻ እየበሉ መዋል ነው። ፀጉር ያሳድጋል ወይስ ያረግፋል ሲሏት የምትመልሰው መልስ ትክክል ነው፦ ጥሬ መሆኑ አያረግፍም፣ የሚያረግፈው ከማዕዱ የጎደለው ነው።

ሒሳቡን እንይ። ለጤናማ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 48 ግራም ይመጣል። 1 ኪሎ ካሮትና 1 ኪሎ ቲማቲም ሁለቱንም ጨርሳ ብትበላ የምታገኘው 18 ግራም ገደማ ነው፤ ጉልበቱም 600 ካሎሪ አይሞላም። ያንኑ 18 ግራም 200 ግራም የበሰለ ምስር ይሰጣታል። ሆድ ጠግቦ ሰውነት የሚራበው እንዲህ ነው። ሰውነት ሲጎድልበት ፀጉር ማብቀሉን ይተወዋል፤ ብዙ የፀጉር ሥሮች ባንድ ጊዜ ዕረፍት ይገባሉ። ፀጉሩ የሚወልቀው ግን ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ መጋቢት ላይ የተጀመረ አመጋገብ ሰኔ ላይ ሲያረግፍ ጥፋተኛ የሚባለው ሰኔ ላይ የተገዛው ሻምፖ ነው። እሷ «ካሁን በፊት ሦስት ወር ምን ነበር?» ብላ የምትጠይቀው ለዚህ ነው። ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ኦፕራሲዮንም እንደዚሁ ዘግይተው ያረግፋሉ።

ሁለተኛው ጉድለት ብረት ነው። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለውን ብረት ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሊጥ ሲቦካ፣ እህል ሲበቅል ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እንጀራችንም በቆልታችንም በዚህ በኩል ከደረቅ ጥሬ እህል ይሻላሉ። ጥሬውን መተው የማትፈልጉ በቆልት፣ ለውዝና ሰሊጥ ጨምሩ፤ ሎሚ ጭመቁበት፣ ቡናና ሻይውን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቁት። ቦሎቄ ግን በጥሬው በፍጹም! ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንተከተከ ካልፈላ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ እስኪበስል ይቀጥላል። ለፀጉር ተብሎ ጥሬ እንቁላል መጠጣትም ሥራውን ያበላሻል፤ የጥሬው ነጭ ክፍል ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን አስሮ ይይዛል፣ ሲበስል ይለቀዋል። እንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የተዉ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን ከኪኒን ወይም ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ ካልወሰዱ ከየትም አያገኙትም።

አሁን ወደ እጇ ሥራ። ከ50 እስከ 60 የሚሆኑ ፀጉሮችን በጣቶቿ ይዛ ከሥር እስከ ጫፍ በቀስታ ትስባለች፤ በአንድ ቦታ ሳይሆን በተለያየ የራስ ክፍል። ከ6 በላይ ከወጣ መርገፉ ቀጥሏል ማለት ነው። የወጣውን ደግሞ ሥሩን ታያለች። ነጭ እብጠት ካለው ከሥሩ የረገፈ ነው፤ ከሌለው ተሰብሯል፣ ያን ጊዜ ጥያቄው ወደ ፒያስትራና ወደ ማለስለሻ ኬሚካል ይዞራል። ግንባርና ጆሮ አካባቢ ብቻ ከሳሳ ሹሩባውን አጥብቃ አትሠራም፤ ደንበኛ ብትቆጣም አትሠራም። በክብ በክብ የተላጠ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚቆስል ካየች ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሂዱ ትላለች እንጂ እጇን አትሰድም። በዘር የመጣ መሳሳትን በተመለከተም አታባብልም፤ እሱን ጥሬውም የበሰለውም ምግብ አይመልሰውም።

ምርመራ ስትሄዱ ሄሞግሎቢን ብቻ አሠርታችሁ አትመለሱ፤ የብረት ክምችት የሚለካውን ፌሪቲንና የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያሳየውን ቲኤስኤች ጨምሩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሄሞግሎቢን በከፍታው ምክንያት ከፍ ይላል። ኮምቦልቻ ወርዳ የምትገኝ በመሆኗ ጭማሪው እዚያ ያንሳል። ለነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 12 (ግራም በዴሲ ሊትር) ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው፤ እዚህ 12.5 ወጣልኝ ብሎ መዝናናት አያዋጣም። ፌሪቲን ከ15 (ናኖግራም በሚሊ ሊትር) በታች ከሆነ የብረት ክምችቱ አልቋል። ኢንፌክሽን ወይም ትኩሳት ባለበት ቀን ግን አትለኩት፣ በውሸት ከፍ ይላል። የባዮቲን ኪኒን የምትወስዱም ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሙ፤ የታይሮይዱን ውጤት ያዛባዋል። ብረት ሳይለኩ ኪኒን መዋጥ አንመክርም። የቫይታሚን ኤ ኪኒን ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያረግፋል፤ ካሮቱ ግን ቆዳን ቢጫ ቢያደርግ እንጂ ፀጉር አያረግፍም።

ጉድለቱ ከተስተካከለ መርገፉ በወራት ውስጥ ይበርዳል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መውለቁ የሁሉም ሰው ነው፣ አብሽሩ። የሚበቅለው በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሹሩባ እስኪደርስ ታገሡ።

እህታችን ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ! አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን፣ አስፈቅደናታል። ብቻዋን ስለምትሠራ በበዓል ዋዜማ ወረፋው ከባድ ነው፤ በአዘቦት ቀን ጠዋት ሂዱ። ፀጉራችሁን እሷ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን አትታጠቡ፣ ቅባትም አትቀቡ፤ አለዚያ ስባ የምታየው ነገር ትክክል አይሆንላትም፣ በሌላ ቀን ተመለሱ ትላችኋለች።