ስዋሮቭስኪ ኤንኤል ወይስ ዛይስ ኤስኤፍ? ሁለት ሳምንት ጣና ላይ

ሦስት ዓመት ቆጥቤ ገዛሁት። ስዋሮቭስኪ ኤንኤል ፒዩር የሚባል አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር)፣ 8 በ42፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ዕቃው ማታ እጄ ገባ፤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ ጎህ ሲቀድ ባሕር ዳር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቆሜ ጎረቤት ግቢ ያለችው ዋንዛ ላይ አነጣጠርኩ። በዚያው ሰሞን አብሮኝ የሚያስጎበኘው ባልደረባዬም ዛይስ ቪክቶሪ ኤስኤፍ ገዝቶ ነበር። የእሱም 8 በ42 ነው። ሁለታችንም ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ይዘን ነው የምንውለው፤ ስለዚህ ኅዳርን ሁለት ሳምንት እየተቀያየርን ያዝናቸው። ጀልባ ላይ፣ ዘጌ ጫካ ውስጥ፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ይጋንዳ ረግረግ ዳር። የቀድሞውን ኒኮን ሞናርክ ኤም7 ደግሞ ለማነጻጸሪያ ከቦርሳዬ አልለየሁትም።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ገንዘቡን አጠራቅሞ ለመግዛት ለሚያመነታ ሰው ነው። ሁለቱም 3,000 ዶላር አካባቢ ናቸው፤ እንደ ሻጩና እንደ አገሩ ከፍ ዝቅ ይላል። እኛ ጋ ሱቅ ገብቶ፣ በእጅ መዝኖ፣ በዓይን ሞክሮ መግዛት የለም። የሰው ወሬ ሰምተን ነው የምናዘው። ስለዚህ የምናገረውን ተጠንቅቄ ልናገር።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሁለቱን በምስል ጥራት ለመምረጥ አትድከሙ። መሀል ላይ ስታዩባቸው ልዩነት የላቸውም። ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ርቆ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ታንኳው የታሰረበት የደንገል ገመድ ቋጠሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መቅዘፊያውን ሲያነሳ ከጫፉ የሚንጠባጠበው ውኃ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በኤንኤሉም አየሁት፣ በኤስኤፉም አየሁት። ባልደረባዬ «ያንተ ይበልጣል» ሲል እኔ «የለም ያንተ» እያልኩ ግማሽ ቀን ተከራከርን፤ በመጨረሻ ሁለታችንም ተውነው። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በእይታ ስፋት፣ በነጸብራቅ፣ ቀኑን ሙሉ ስትይዙት ክንዳችሁ ላይ በሚያመጣው ድካም።

ከስፋቱ ልጀምር፣ እኔን ኤንኤል ያስገዛኝ እሱ ነውና። አንድ ሺህ ሜትር ርቀት ላይ ኤንኤሉ የ159 ሜትር ስፋት ያሳያል። ኤስኤፉ 148 ሜትር። የኳስ ሜዳ ርዝመት መቶ ሜትር ገደማ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ኤንኤሉ አንድ ሜዳ ከነግማሹ በላይ ባንድ ጊዜ ያስገባላችኋል ማለት ነው። አሥራ አንድ ሜትር ምን ልዩነት ያመጣል የሚል ይኖራል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ይጋንዳ ላይ ግን ገባኝ። ከሰሜን ብርዱን ሸሽተው የመጡ ግራጫ ክሬን የሚባሉ ወፎች መንጋ ሆነው ሲነሱ መንጋው በሙሉ ኤንኤሉ ውስጥ ገባ፤ በኤስኤፉ ስይዘው ደግሞ ጫፍና ጫፍ ያሉት እየወጡ እየገቡ ነበር። መንጋ መቁጠር ሥራው የሆነ ሰው ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ኒኮኑን ማንሳት አለብኝ። ዋጋው 500 ዶላር አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ስፋቱ 145 ሜትር ነው፤ ከኤስኤፉ በሦስት ሜትር ብቻ ያንሳል። እና ታዲያ ሌላው 2,500 ዶላር ወዴት ሄደ? ጠርዙ ላይ ነው የሄደው። ኒኮኑ መሀል ላይ ጥሩ ያሳያል፤ ወደ ዳር ሲሄድ ግን ምስሉ ይለሰልሳል፣ ቅጠሉ ከቅጠል ይደባለቃል። ስለዚህ ወፏን መሀል ላይ ለማምጣት ሁልጊዜ እጃችሁን ታንቀሳቅሳላችሁ። ሁለቱ ውድ መነጽሮች ላይ ዓይናችሁን ብቻ አዙራችሁ ዳር ላይ ያለውን ታነባላችሁ። አናቷ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላትን ጥቁር ክሬን መሀል ላይ አስቀምጬ፣ መነጽሩን ሳላንቀሳቅስ፣ ጥግ ላይ የቆመችውን ጓደኛዋን ጉንጭ አየሁ፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀላ ያለ። በኒኮኑ ጥግ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታየኝም።

ይህ ጠርዝ ድረስ የጠራ ምስል ግን የራሱ ዕዳ አለው። ጀልባ ላይ ሆናችሁ የባሕሩን ዳር ከግራ ወደ ቀኝ ስትጠርጉ ምስሉ ኳስ ላይ እንደተለጠፈ ሆኖ የሚንከባለል ይመስላል። አንዳንድ ሰው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱን ያዞረዋል። አንዲት እንግዳችን በኤንኤሉ ትንሽ አይታ «አቅለሸለሸኝ» ብላ መለሰችልኝ። በኤስኤፉ ግን ችግር አልነበራትም። እኔ በሦስተኛው ቀን ለመድኩት። መኪና ላይ ማንበብ የሚያዞራችሁ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የሰው ለምናችሁ ሞክሩ።

አሁን ወደ ነጸብራቁ። ኤንኤሉን ብወደውም እውነቱን መናገር አለብኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ጣና ብረት ምጣድ ሲመስል፣ ጀልባውን አቁመን ወደ ምዕራቡ ዳርቻ እያየን ነበር። ፔሊካኖች ብርሃኑ ላይ ተሰልፈዋል። በኤንኤሉ ሳይ ከምስሉ ግርጌ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ነጣ ያለ ጭጋግ ወጣ። ወፎቹ ይታያሉ፣ ግን የታችኛው ክፍል ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል። መነጽሩን ባልደረባዬ ሰጠሁትና የእሱን ተቀበልኩ፤ በኤስኤፉ ጭጋጉ በጣም ትንሽ ነው፣ ካላሰባችሁት አታዩትም። በማግስቱ የኤንኤሉን የዓይን ጎማ አንድ ደረጃ ወደ ውጭ አውጥቼ፣ ዓይኔንም ትንሽ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። አብዛኛው ጠፋ። ሁሉም ግን አልጠፋም። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን፣ ወይም ዘጌ ጥላ ውስጥ ይህ ነገር ፈጽሞ አይከሰትም። ሥራው ማታ ማታ ውኃ ላይ የሆነ ሰው ግን ይህን ከቁም ነገር ይቁጠረው።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ዘጌ ቡናው መሀል አንድ ቱራኮ ከዛፍ ወደ ዛፍ በረረ፤ ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፣ ሲበር ክንፉ ውስጥ የተደበቀው ደማቅ ቀይ ይገለጣል። ለኔ ዓይን ኤንኤሉ ቀዩን እንዳለ ነው የሰጠኝ። ኤስኤፉ ላይ ነጩ ነገር ሁሉ አንዲት ጠብታ አረንጓዴ የነካው ይመስለኛል፤ ባልደረባዬ አይስማማም። አንድ ጠዋት የአንድ እንግዳ ላይካ ኖክቲቪድ ተውሼ አይቼ ነበር፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ በጣም ደስ የሚል ነው። ግን ስፋቱ 135 ሜትር፣ ክብደቱም 860 ግራም ስለሆነ ለኛ ሥራ ከሁለቱ ኋላ አደረግነው።

ክብደት ካነሳን፣ ኤንኤሉ 840 ግራም፣ ኤስኤፉ 780 ግራም ይመዝናሉ። ስልሳ ግራም ናት ልዩነቷ። አንገት ላይ ሲውሉ ግን ልዩነቱ ከስልሳ ግራም በላይ ይመስላል፤ ምክንያቱም ኤስኤፉ ክብደቱ ወደ ዓይን በኩል እንዲያደላ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስታነሱት ወደ ፊት አይጎትትም። ምስሉን የሚያጠራው መዘውር፣ ፎከሱም፣ ጣት በሚያርፍበት ላይ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ልስላሴው ቅቤ ነው። ከጫካ ድንገት የምትወጣን ወፍ ባልደረባዬ ብዙ ጊዜ ቀደመኝ። የኔው ፎከስ ትንሽ ጠንከር ይላል፤ ግን ቦታውን አይለቅም። ቢራቢሮ የምትወዱ ከሆነ ኤስኤፉ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የቀረበውን አጥርቶ ያያል፣ ኤንኤሉ እስከ 2 ሜትር።

ኤንኤሉ በበኩሉ ወገቡ ጠበብ ያለ ነው፤ እጅ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል። ለብቻው የሚሸጥ የግንባር ድጋፍም አለው። እኔ አብሬ ገዛሁት፣ እና ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ እሱ ነው። ቤዛዊት ላይ ቆመን ዓባይ ውስጥ ያሉትን ጉማሬዎች ስንጠብቅ፣ ግንባሬን ደገፍ አድርጌ ሃያ ደቂቃ ሳላወርድ አየሁ። ምስሉ አይንቀጠቀጥም። በሌላው መነጽር አምስት ደቂቃ ሲሆነኝ ክንዴ ይዝላል። ባለ ሰፊ ክፈፍ ኮፍያ የምታደርጉ ከሆነ ግን ይጋጫል፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ ማዞር ግድ ነው።

አሁን ማንም የማይጽፈውን አንድ ፈተና ልጨምር። አስጎብኚ መነጽሩን ለሰው ያውሳል። መነጽር ይዞ የማያውቅ ሰው ስንት ጊዜ ውስጥ ያያል? ዘጌ ወደብ ላይ አንድ አረጋዊ አባት ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ ኤስኤፉን ሰጠናቸው። ወዲያ ወዲህ አሉት፣ «ጨለማ ነው ልጄ» አሉን፣ ከዚያ አገኙት። ቀጥሎ ኤንኤሉን ሰጠኋቸው፤ ገና ዓይናቸው ላይ ሲያሳርፉት ዝም አሉ። ክብራን ደሴትን እያዩ ነበር። ዛፉን፣ ከዛፉ መሀል ብቅ ያለውን ጣሪያ። «እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ዓይኔን መለስክልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ስድስት ሰባት ሰዎች ላይ ሞክረነዋል፤ ውጤቱ ያው ነው። ኤንኤሉ ዓይን ትንሽ ቢዛባም ይታገሣል። ለማንበቢያ ሳይሆን የሩቁን ለማየት የዓይን መነጽር ለሚያደርጉ ግን ልዩነት የለም፤ ባልደረባዬ መነጽር አድራጊ ነው፣ በሁለቱም ሙሉውን ምስል ያያል።

ባለ 10ውን ልግዛ ወይስ ባለ 8ቱን የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሐይቅ ላይ ከሆናችሁ 8ቱን ያዙ። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ሚሊ ሜትር የሆነ የብርሃን ቀዳዳ ወደ ዓይን ይመጣል፤ ለ10 ሲሆን 4.2 ነው። ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ይህ ይታወቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጀልባው ሲወዛወዝ ባለ 10ው ውዝዋዜውንም አሥር እጥፍ ነው የሚያሳያችሁ። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ደጀን ጠርዝ ቆሞ ጥንብ አንሳ ለሚያይ፣ ወይም ጮቄ ላይ ጅብራው መሀል ለሚዞር ሰው ግን ባለ 10ው ያዋጣል፤ እዚያ እግራችሁ መሬት ላይ ነው፣ ርቀቱም ብዙ ነው። እንዲያ ከሆነ ኤንኤሉን አስቡ፤ ባለ 10ው ራሱ 133 ሜትር ያሳያል፣ የኤስኤፉ ባለ 10 ግን 120 ነው።

እንግዲህ ማንን ትግዙ? የምትውሉት ጀልባ ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት፣ ቶሎ ቶሎ ፎከስ እየቀያየራችሁ ከሆነ ኤስኤፉን ግዙ። አንድ ቦታ ቆማችሁ ረጅም የምታዩ፣ መንጋ የምትቆጥሩ፣ መነጽራችሁን ለእንግዳ የምታውሱ ከሆነ ኤንኤሉን። እኔ የኔን አልቀይርም፤ የዚያችን ማታ ጭጋግ ግን አልረሳኋትም።

3,000 ዶላሩ ከበዛ ኤስኤፍ 8 በ32ን እዩት። 600 ግራም ብቻ ነው፣ ስፋቱም 155 ሜትር ነው። ዋጋው ከታላቅ ወንድሙ ይቀንሳል፣ የሚሸነፈው ሲመሻሽ ብቻ ነው። እሱም ካልተቻለ ሞናርክ ኤም7 አያሳፍርም፤ እኔ እንጀራዬን የበላሁት በሱ ነው።

ከውጭ ልታስመጡ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጉምሩክ ጠይቁ። ባይኖኩላር እኛ አገር ጥያቄ የሚያስነሳ ዕቃ ነው። ደረሰኙን ከካርቶኑ አትለዩት፣ ሲሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱት። በተለይ በዚህ ጊዜ ስትዘዋወሩም ወታደር ወዳለበት፣ ወደ ድልድይ፣ ወደ ኬላ አታነጣጥሩ፤ አዲስ ቦታ ስትደርሱ መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ሰላም በሉና ምን እንደምታዩ ንገሩት፣ ከዚያም መነጽሩን ስጡትና እሱም ይይ።