አንታሊያ በጥቅምት፦ ወንበሩ ሲሰበሰብ ደረስኩ

በጥቅምት ባሕር ልገባ ነው ስላቸው ጎረቤታችን እማማ "ልጄ ደህና ነህ?" ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ። አይፈረድባቸውም። ደብረ ብርሃን በጥቅምት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው፣ "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለውም በከንቱ አይደለም። እኔ ኢስታንቡል የምሄደው ለልብስ ንግድ ነው። ከዚያ የቱርኳ የባሕር ዳር ከተማ አንታሊያ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነች አራት ቀን ጨመርኩ።

የሳበኝ ዋጋው ነው። ላራ የሚባለው ሰፈር፣ አሸዋው አፍንጫ ሥር ያለ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል፣ ምግቡም መጠጡም ታስቦበት፣ በነሐሴ ከሚጠይቁት ግማሽ ገደማ። (እነሱ በጋ የሚሉት የእኛን ክረምት ነው። ሰው በሰው የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው።) የሆቴሉ ስም ይቅር።

ወቀሳዬን ላስቀድም። ስከፍል ስልኬ ላይ ያየሁት አምስት ምግብ ቤት ነው፣ ስደርስ የተከፈቱት ሁለት። የትልቁ ገንዳ ውሃ ተለቆ ሁለት ሰዎች ግድግዳውን ይፍቃሉ። ከክፍሌ ሥር ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ድሪል! እንግዳ መቀበያ ሄጄ ብናገር ልጅቷ ፈገግ ብላ "ሲዝኑ አልቋል" አለችኝ። እሺ ይለቅ፣ ታዲያ ብሬን ሳትቀበሉ በፊት አይነገረኝም? ክፍል የቀየሩልኝ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው።

ባሕሩ ግን ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጠጣውን ፀሐይ ገና አልጨረሰም፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፣ እኛ ጋ በዚህ ወር የቧንቧ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ጨው ነው ሲሉኝ ሰምቻለሁ፣ መጀመሪያ አፌ ሲገባ ግን እንዲህ ይሆናል አላልኩም። ከጀርባ የቶሮስ ተራሮች ቆመዋል። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቆላውን ማየት ለለመደ ሰው ተራራው ብርቅ አይደለም፣ ከሥሩ ባሕር መኖሩ እንጂ።

ዳርቻው ላይ መተኛ ወንበሮቹን የሚሰበስብ አንድ ሰውዬ አለ። ያጥባል፣ ይደራርባል፣ በገመድ ያስራል። እኔ አንዱ ላይ ተጋድሜያለሁ። ተነስ አይለኝም፣ ግን ከግራ እየሰበሰበ መጣ፣ ከዚያ በቀኝ ዞረ፣ መጨረሻ ላይ በዚያ ሁሉ አሸዋ የእኔ ወንበር ብቻዋን ቀረች። ተያየንና ሳቅን። ተነሥቼ አንዱን ጫፍ ያዝኩለት። ሻይ ጋበዘኝ፣ በዚያች ወገበ ቀጭን ብርጭቆ።

የጽጌን ጾም ይዤ ስለነበር ምግብ አስግቶኝ ነበር። የሆቴሉ ገበታ በየቀኑ አንድ ሁለት ሳህን ይጎድልበታል፣ ምስር ሾርባው ግን አይጠፋም። ከተማ ወጥቼ ነው ፒያዝ የሚሉትን ያገኘሁት፦ ነጭ ቦሎቄ በሰሊጥ ልውስ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያለበት። እንቁላል ጣል ያደርጉበታል፣ አስቀድሞ አታድርጉ ማለት ነው። ሁለት ቀን ተከታትዬ በላሁት።

ካሌይቺ የሚባለው አሮጌው ሰፈር ሥር ትንሽ ወደብ አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ጳውሎስና በርናባስ ከጴርጌን ወርደው በመርከብ ወደ አንጾኪያ የሄዱት ከዚችው ከተማ ነው። እኔ የገባኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ሳነብ ነው። አጠገቤ አንዲት ድመት ብቻ ነበረች። ሰዓቱ ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ፀሐይዋም እንደ አገር ቤት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ጠለቀች።

ድጋሚ ብሄድ በመስከረም መጨረሻ ነው። ባሕሩ የበለጠ ይሞቃል፣ ወንበሩም አልተነሣም። እናንተም የትኛው ገንዳ፣ የትኛው ምግብ ቤት እንደሚሠራ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አስልኩ። ኮንያአልቲ የሚባለው ሌላው ዳርቻ ደግሞ ጠጠር ነው፣ የማይወልቅ ጫማ ያዙ። እኔ በባዶ እግሬ ገብቼ እያነከስኩ ነው የወጣሁት።